ሦስት ጊዜ ነቅሎ መሰካት

«ሦስት ጊዜ? ማነው በናትሽ ይሄን ሕግ ያወጣው?» አለ ቴዎ፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ በጣቱ እየጠቀለለ።

«ወንድሜ» አለች ሱንዱስ።

ቴዎ ገመዱን ከጣቱ ፈታ። የአይሲቲ ክበብ አባል ሆኖ የካሊድን ስም በክፉ የሚያነሣ የለም። ክበቡን የመሠረተው እሱ ነው። እዚሁ ትምህርት ቤት ሲማር ከመጋዘን የተጣሉ ኮምፒውተሮችን አንድ በአንድ እያወጣ፣ አቧራቸውን እየጠረገ፣ የሞተውን ሁሉ ያስነሣ ነበር ይባላል። አሁን ሰመራ ነው፤ ኔትወርክ በሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ለክበቡ ልጆች ካሊድ ተረት ነው። ለሱንዱስ ግን ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት የሞላው ወንድሟ ነው።

ፊት ለፊታቸው፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ሳጥን ተቀምጧል። ሃያ አራት ቀዳዳ አለው። በየቀዳዳው አንድ ገመድ ይሰካል፣ የገመዱ ሌላ ጫፍ ወደ አንድ ኮምፒውተር ይሄዳል። ስዊች ይሉታል። ስሙን የሰማ ሁሉ ግድግዳ ላይ ያለው የመብራት ማብሪያ ይመስለዋል፤ የሱንዱስ እናት ወይዘሮ ዘይነትማ እስከዛሬ ልጃቸው አምፖል ስታበራና ስታጠፋ የምትውል ነው የሚመስላቸው። ሥራው ግን ሌላ ነው፤ የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር የሚወስነው ይህ ሳጥን ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው አሮጌው ነው። ማራገቢያው ይንጫጫል፣ ከጠፋ በኋላ ለመነሣት ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል። ትምህርት ቤቱን በሙሉ የሚያገናኘው ዋናው ስዊች ደግሞ ግድግዳው ላይ፣ ቁልፍ ባለው የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ካሊድ ትቶት የሄደው ሥርዓት ቀላል ነው። ዋናው ላይ ምንም ነገር ከመለወጣችሁ በፊት መጀመሪያ አሮጌው ላይ ሞክሩት። ሦስት ኮምፒውተር አገናኙና መነጋገር ያለባቸው መነጋገራቸውን፣ መነጋገር የሌለባቸው አለመነጋገራቸውን እዩ። ይሄን ሁሉ ጨርሳችሁ «በቃ፣ ሠራ!» ብላችሁ ስትደሰቱ ደግሞ፣ እዚህ ላይ ነው የቴዎ ትዕግሥት የሚያልቀው፣ የመብራቱን ገመድ በገዛ እጃችሁ ንቀሉት። እስኪነሣ ጠብቃችሁ እንደገና እዩ። ከዚያ እንደገና ንቀሉ። ከዚያም እንደገና።

ለምን ሦስት? የባሕር ዳር መብራት አንዴ ሄዶ አርፎ አይቀመጥማ። ይሄዳል፣ ብልጭ ይላል፣ ሰው «መጣ!» ብሎ ሳይጨርስ ይሄዳል፣ ሲያሻው ደግሞ ይመጣል። «መብራቱ በራሱ ጊዜ ሳይሄድብን እኛ በራሳችን ጊዜ እናጥፋው» ይል ነበር ካሊድ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ሱንዱስ።

«ዘጠኝ ከሃያ አምስት። አሁን ለአምስተኛ ጊዜ ነው የጠየቅሽኝ።»

በልቧ ስሌት ላይ ነበረች። ሦስት ጊዜ ስምንት ደቂቃ፣ በየመሐሉ መፈተሽ፣ ከዚያ ለውጡን ወደ ዋናው ማዛወር፣ ገመዶቹን ማቀያየር። ምንም ያህል ቢሮጡ ከአሥር ሰዓት ተኩል በፊት አይደርስም። ካሊድ ደግሞ ያለው ከአሥር እስከ አሥር ተኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሊድ ሳምንቱን በሙሉ ገጠር ለገጠር ምሰሶ ሲያስተክል ይከርምና ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ወደ ሰመራ ቢሮ ብቅ ይላል። ግማሽ ሰዓት ያርፋል፣ መኪናው ይነሣል፣ እሱም ይሄዳል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ለሱንዱስ በቪዲዮ ይደውላል። ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤታቸው ጋ የስልኩ ኔትወርክ ለድምፅ እንጂ ለፊት አይበቃም፤ ፊቱ ተቆራርጦ አፍንጫው አንድ ቦታ ዐይኑ ሌላ ቦታ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ዋይፋይ ግን ያሳያል። መምህር ደሞዝ፣ የክበቡ ኃላፊ፣ ሐሙስ ሐሙስ እንድትጠቀም ፈቅደውላታል። ወደ ቤት ስትመለስ ወይዘሮ ዘይነት ጨርቅ የሚሸጡባት ሱቅ ደጃፍ ላይ ይጠብቋታል። ሱንዱስ ከስልኳ ላይ ቀድታ ያስቀረችውን የካሊድን ፎቶ ታሳያቸዋለች። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ያጠኑታል። «ከስቷል። አልከሳም? ጉንጩን እይው እስቲ። ወላሂ ከስቷል» ይላሉ፣ ሁልጊዜ።

ዛሬ ግን የላይብረሪው ዋይፋይ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። መምህር ደሞዝ ናቸው ገመዱን የነቀሉት። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በኮምፒውተር የሚፈተኑት ሞዴል ፈተና አለ። ባለፈው ጊዜ በፈተናው መሐል ላይብረሪ የተቀመጠው ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት ኔትወርኩ ታንቆ ሞተ፤ የተማሪዎቹም መልስ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። የቴዎ ታላቅ እህት ቃልኪዳን የዚያን ቀን እያለቀሰች ነው ቤት የገባችው። ስለዚህ አሁን ስዊቹ ላይ ድልድል መሥራት ያስፈልጋል፤ የፈተናው ኮምፒውተሮች ለብቻ፣ ላይብረሪው ለብቻ፣ አንዱ የሌላውን እንዳይሻማ።

«ሙከራው ከነመብራቱ ካለፈ ዛሬውኑ ወደ ዋናው አዛውሩት» ብለዋል መምህር ደሞዝ ለስብሰባ ሲወጡ። «ካላለፈ እንዳትነኩት። ጠዋት አንድ ሰዓት መጥቼ አብረን እንሠራዋለን። ሱንዱስ፣ ደብተሩ ላይ አንቺ ትፈርሚያለሽ። ቴዎ፣ አንተ የመቀመጫ ቁጥሮቹን ከጽሕፈት ቤት አሳትመህ ታመጣለህ።» የቁም ሣጥኑን ቁልፍ እጇ ላይ አኖሩላትና ሄዱ።

«በል ሂድ፣ ቁጥሩን አሳትም» አለች ሱንዱስ።

«አንቺ ብቻሽን ልትነቅዪ?»

«ገመድ መንቀል ምን ረዳት ይፈልጋል? ሂድ፣ ወረፋው ሳይበዛ።»

ቴዎ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ የአሮጌው ስዊች ማራገቢያ ብቻ ቀረ። ሱንዱስ ስልኳን አውጥታ የትናንቱን መልእክት አነበበችው። «ነገ እንዳትቀሪ። ፊትሽን እያየሁ የምነግርሽ ነገር አለ።» ስንት ጊዜ እንዳነበበችው ብትጠየቅ ታፍራለች። ፊትን እያዩ የሚነገር ነገር ምን ሊሆን ይችላል? አረፋ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ባለፈው አረፋ አልመጣም። ከዚያ በፊት በኢድ አልፈጥርም አልመጣም። ሌሊቱን ፍራሹን የት እንደምታነጥፍለት፣ አባታቸው ከሚሠሩበት ከወረታ ሲመለሱ ምን እንደሚሉ፣ በሁለተኛው ቀን ሁለቱ ብቻቸውን በሐይቁ ዳር እስከየት እንደሚሄዱ ስታስብ ነው ያነጋችው።

የመብራቱን ገመድ ያዘችው። ሰዓቷን አየች። ለቀቀችው።

ሦስቱም ኮምፒውተሮች እየሠሩ ነው። መነጋገር ያለባቸው ይነጋገራሉ። ምን ይቀየራል ቢነቀል? እስከዛሬ ስንት ጊዜ ነቅለዋል፣ አንድም ጊዜ ችግር አልተገኘም። ለራሷ ይህን ስትነግር ውስጧ አልተቀበላትም፤ እጇ ግን ቀድሟት ደብተሩን ገልጧል። «የመብራት ሙከራ፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ከሚለው መስመር ሥር ሦስት ምልክት አደረገች። አንዱን ደመቅ፣ አንዱን ሳሳ፣ አንዱን ሰያፍ፣ በተለያየ ደቂቃ የተጻፉ እንዲመስሉ። ከዚያ ፈረመችና የቁም ሣጥኑን ከፈተች።

ለአሥር ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ቴዎ ወረቀቱን ታቅፎ ሲመለስ የዋናው ስዊች መብራቶች አረንጓዴ ሆነው ይጨፍራሉ፣ ገመዶቹ በአዲሱ ድልድል ተሰክተዋል፣ ላይብረሪውም ተከፍቷል።

«ጨረስሽው? ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ጀግና ነሽ አቦ!» ቴዎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በተነው። «በቃ ዛሬ ቃልኪዳን እንቅልፍ ትተኛለች። ሰሞኑን እኮ ቤታችን መፈንፈኛ የለም፤ ‹ባለፈው እንደጠፋብኝ ቢጠፋብኝስ› እያለች እኛንም አስጨነቀችን። ሱንዱስ ናት የሠራችው እላታለሁ።»

ሱንዱስ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ላይብረሪ ሮጠች።

ልክ በአሥር ሰዓት ስልኩ ጠራ፤ የካሊድም ፊት መጣ። ፀሐይ አጥቁሮታል። ጉንጩ ገብቷል፤ እናቷ ለአንድ ጊዜ እንኳ ልክ ሆኑ። ግን ሙሉ ፊት ነው፤ አፍንጫውም ዐይኑም ቦታው ላይ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም እቴ! መጀመሪያ ሐይቁን አሳዪኝ፣ ከዚያ አንቺን አያለሁ» አለ።

«ወአለይኩም ሰላም። አንተ እኮ ሐይቁን እንጂ እኛን አትወድም።» ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረችለት። ከዛፎቹ ማዶ ጣና ተዘርግቷል፤ አንዲት ጀልባ ሰውና ጆንያ ጭና ወደ ዘጌ ታመራለች። ካሊድ ዝም ብሎ አየ። ዝምታው ስለረዘመ ተቋረጠ ብላ ስልኩን መለሰች፤ አልተቋረጠም።

«እዚህ ውኃ የማየው በጀሪካን ነው» አለ ዐይኑን እያሻሸ። «እማስ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት፣ አልሃምዱሊላህ። ከስቷል ትልሃለች።»

«ቆይ ግን፣ ዋይፋዩ እንዴት መጣ? ዛሬ ሙከራ ላይ ነን ብለሽኝ አልነበር?»

«ጨረስን።»

«በዚህ ሰዓት? ሦስቴም ነቀላችሁ?»

«ሦስቴም ነቀልሁ።»

ካሊድ ሳቀ፤ ጥርሱ በሙሉ እስኪታይ ሳቀ። ከዚያ ዞር ብሎ ሰው ጠራ። «አኒስ! ና እስቲ፣ እያት ይቺን። እህቴ ናት። ባለፈው አንተ ሳትነቅል ጨረስሁ ብለህ ስንት መንደር ነው መልሰን የሄድን? ይቺ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሦስቴ ነቅላ ነው የምታዛውር።» አንድ ረጅም ወጣት ከካሊድ ትከሻ በላይ ብቅ ብሎ እጁን አወዛወዘላት። «ማሻአላህ፣ እኛ ጋ ነይና አስተምሪን!» አለና ሄደ።

የሱንዱስ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«እሺ፣ ልትነግረኝ ነው ያልኸው ነገርስ?» አለች ወሬውን ለማስቀየር።

የካሊድ ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ወረደ። ስልኩን አስተካክሎ ያዘ። «ሱንዱስዬ፣ አረፋ አልመጣም።»

ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«ሥራው ለሌላ አንድ ዓመት ተራዘመ። እስከ ጠረፍ ድረስ ይዘረጋል ተባለ። እኔ ልሂድ ብል ማንም አይከለክለኝም፤ የጀመርሁትን ግን ለማንም ትቼ መሄድ አልቻልሁም። ለእማ ማታ ደውዬ እነግራታለሁ። በፊት ግን አንቺን ልይሽ አልሁ። በስልክ ድምፅ ብቻ ብነግርሽ ‹እሺ› ብለሽ ዘግተሽ ብቻሽን ታለቅሻለሽ፤ አውቅሻለሁ። አንቺን አምኜ ነው እናታችንን ትቼ የተቀመጥሁት።»

ፍራሹ፣ የሐይቁ ዳር መንገድ፣ ሌሊቱን ሙሉ የደረደረችው ነገር ሁሉ ዝም ብሎ ፈረሰ። ማልቀስ ፈለገች። «ና! ዝም ብለህ ና!» ብላ መጮኽ ፈለገች። የሚገርመው ግን ከሁሉም በላይ ያቃጠላት የእሱ መቅረት አልነበረም። አንድ ዓመት ሙሉ ወንድሟ ማለት ይህች ስክሪን ልትሆን ነው፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት። እሷ ደግሞ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ፊቱን እያየች ዋሽታዋለች። እሱ ለእሷ ክፉውን ወሬ እንኳ ፊቷን ሳያይ አልነግርም ብሎ እስከ ሐሙስ የጠበቀ ሰው ነው።

«ካሊድ፣ አልነቀልሁም» አለች።

«ምን?»

«አንዴም አልነቀልሁም። ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጌ ዝም ብዬ አዛወርሁት። አሥር ሰዓት እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። ናፍቀኸኝ ነው የዋሸሁት።» እንባዋ የመጣው አሁን ነው።

የካሊድ ፊት ቆመ። ኔትወርኩ የተያዘ መስሏት ነበር፤ ሽፋሽፍቱ ሲርገበገብ ግን አየች። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«እኔም ናፍቀሽኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ የሚፈተን አለ አይደል?»

«አለ። የቴዎ እህት አለች።»

«እና?»

«እናማ…» ሰዓቷን አየች። አሥር ከአሥራ ሁለት። «አሁን ሄጄ ዋናውን ልንቀለው? ከነቀልሁት እኮ ላይብረሪውም አብሮ ይጠፋል። አንተም ትጠፋለህ።»

«አዎ፣ እጠፋለሁ።»

«ንቀዪ አትለኝም?»

«እኔ እዚህ ሆኜ ምን ልልሽ እችላለሁ፣ ሱንዱስ? ገመዱ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

ሱንዱስ አየችው። የግንባሩን ጠባሳ፣ ያልተበጠረ ጸጉሩን፣ ከኋላው ያለውን ነጭ ግድግዳ፣ ሁሉንም። «ትንሽ ልይህ» አለች። «እይኝ» አለ። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋው ጠረጴዛው ላይ ደፍታው ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሮጠች። ራሷ ልትዘጋበት አልቻለችም።

ቴዎ ተንበርክኮ የመቀመጫ ቁጥሮችን ይለጥፋል። አሥራ አራት ላይ ደርሷል።

«ምልክቶቹ ውሸት ናቸው» አለችው ትንፋሿ ሳይመለስ። «አልነቀልሁም። አሁን ልነቅለው ነው።»

ቴዎ ብድግ አለ። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ነበር። ፊቷን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «አንቺ? ሱንዱስ፣ አንቺ? እኔ እኮ ለቃልኪዳን ደውዬ አልቋል ብያታለሁ!»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው? ሼም ነው በእውነት።»

ቁም ሣጥኑን ከፍታ የዋናውን ስዊች ገመድ ነቀለች። አረንጓዴዎቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ ጠፉ። ላይብረሪ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በተደፋው ስልክ ላይ ካሊድም አሁን ጠፍቷል። እስከ አሥር ቆጥራ ሰካችው። ዋናው ከአሮጌው ይፈጥናል፤ አራት ደቂቃ ነው። በአራቱ ደቂቃ ውስጥ ቴዎ ጀርባውን ሰጥቷት ቁጥሮቹን መለጠፍ ቀጠለ።

መብራቶቹ ተመለሱ። የኮምፒውተሮቹ ግን ግማሾቹ ስክሪናቸው ጥግ ላይ ቀይ ምልክት አወጡ። ላይብረሪው ጭራሽ አልመጣም።

ሱንዱስ ላፕቶፑን ስባ የጻፈቻቸውን ትእዛዞች ከላይ እስከ ታች ተመለከተች፤ ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። የመጨረሻዋ መስመር የለችም። አዲሱን ድልድል በቋሚነት አስቀምጥ የምትለዋን መስመር፣ ዐይኗን ጨፍና የምታውቃትን፣ ስትቸኩል ዘልላታለች። ስዊቹ አዲሱን ድልድል ይዞ የቆየው መብራት እስካለ ድረስ ብቻ ነበር። መብራቱ ሲሄድ ረሳው። አሁን ገመዶቹ የተሰኩት በአዲሱ ድልድል ነው፣ ሳጥኑ የሚያስታውሰው ግን የድሮውን ነው።

«ነገ በፈተናው መሐል መብራት ብልጭ ቢል…» አለ ቴዎ። ቀይ ምልክት ካወጡት ኮምፒውተሮች አንዱ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ።

ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ቴዎ ቂም መያዝ የማይችል ልጅ ነው፤ ሲናደድ እንደ ፌስታል እሳት ቦግ ይልና ወዲያው ያልቃል። «አሥር ከአሥራ ዘጠኝ» አለ። «ስሚ፣ መስመሯን አሁን ጻፊያት። አዲሱን መልሰሽ አስገቢና አስቀምጪው፤ አንድ ደቂቃ ነው። ላይብረሪው ይመለሳል። አሥር ደቂቃ ታገኛለሽ። ወንድምሽን አናግሪውና ነይ። እኔ ምንም አላየሁም።»

ከልቡ ነው ያለው። ሱንዱስ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች። አሥር ደቂቃ። ሐይቁን እንደገና ታሳየዋለች። ስለ አረፋ ምንም አታነሣም፤ ዝም ብላ ታየዋለች። ከእነዚህ አሥር ደቂቃዎች በኋላ ፊቱን የምታየው ሳምንት ቆይታ ነው፤ የዛሬ ሳምንት ደግሞ ምሰሶ ሲተክሉ ሊያመልጠው ይችላል፣ ከዚህ በፊትም ሆኗል። እንዲህ የፈለገችው ነገር በዚህ ዓመት አልነበረም።

ግን ከሁሉም የምታውቃትን መስመር ከዘለለች፣ ያን ያህል የማታውቃቸው ሌሎቹስ? ስትጽፋቸው ዐይኗ ሰዓት ላይ ነበር። የትኛውን አይታ የትኛውን እንዳላየች አሁን ማን ይነግራታል?

ጣቶቿን አነሣች።

«ገመዶቹን ወደ ድሮ ቦታቸው ልትመልስልኝ ትችላለህ?» አለችው። «ቁጥራቸው በሩ ላይ ተለጥፏል። እኔ አሮጌው ላይ ከመጀመሪያው ልጀምር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ቶሎ በል፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ቴዎ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። ሱንዱስ ደብተሩን ስባ ሦስቱን ምልክቶች፣ ደማቁንም ስሱንም ሰያፉንም፣ በአንድ መስመር ሰረዘቻቸው። ከጎናቸው «አልተሞከረም ነበር። ዋሽቼ ነው የፈረምሁት። ሱንዱስ» ብላ ጻፈች። ነገ አንድ ሰዓት ላይ መምህር ደሞዝ ይህን ያነባሉ። ቁልፉን ይቀበሏት ይሆናል። ሐሙስንም ይከለክሏት ይሆናል። ደብተሩን ግን እንደተገለጠ ተወችው።

ትእዛዞቹን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላ እያነበበች አሮጌው ስዊች ላይ ጻፈች። የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ሦስቱ ኮምፒውተሮች ተነጋገሩ። ገመዱን ነቀለች፣ እስከ አሥር ቆጠረች፣ ሰካች። ማራገቢያው መንጫጫት ጀመረ።

ስልኳ ላይብረሪ መቅረቱን ያስታወሰችው ቴዎ ሮጦ ሲያመጣላት ነው። «ይጠራል!» አለ። ቪዲዮ አይደለም፤ ተራ ጥሪ ነው።

«ምን አገኘሽ?» አለ የካሊድ ድምፅ።

«አላስቀመጥሁትም ነበር። ቢጠፋ ኖሮ ነገ ሁሉም ይበላሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሮጌው ጋ ነኝ። የመጀመሪያውን ነቅያለሁ። እስኪነሣ እየጠበቅሁ ነው።»

«ያ ማራገቢያ ነው የሚጮኸው?»

«እሱ ነው።»

«አሁንም አልሞተም?» ሳቀ። «ስልኩን አስጠጊልኝ እስቲ።»

ስልኩን ስዊቹ አጠገብ አኖረችው። ካሊድ ዝም ብሎ አዳመጠ፤ እሷም አብራው አዳመጠች። ፊቱን አታይም፤ ትንፋሹን ግን ትሰማለች። እንዲህ አብረው ዝም ካሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ለአሥር ተኩል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በካሊድ በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

«ጠሩኝ» አለ።

«ሂድ።»

«ሲነሣ ጻፊልኝ።»

«ሦስቴ ሲነሣ እጽፍልሃለሁ።»

«እሺ እቴ። ሦስቴ ሲነሣ።» መስመሩ ተቋረጠ።

ሱንዱስ ስልኩን እንዳለ ተወችውና የስዊቹን መብራቶች ማየት ጀመረች። አንዱ በራ። ሌላው በራ። ሦስቱን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ዞራ ፈተሸቻቸው፤ ድልድሉን አልረሳም። ደብተሩ ላይ፣ ከተሰረዙት ሥር፣ አንድ ምልክት አደረገች።

«ተነሣ?» አለ ቴዎ ከቁም ሣጥኑ በኩል፣ እጁ በገመድ እንደተሞላ።

«ተነሣ።»

«እና አሁን በቃ? ወይስ የእውነት ልንጠብቅ ነው?»

ሱንዱስ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና ተመቻችታ ተቀመጠች።

«ሁለተኛው» አለች፣ ገመዱንም ነቀለችው።